አስማ፦ በአንድ ስም የተጠሩ፣ በየፊናቸው የሠሩ ሴቶች

በመምህርነት በሠራንባቸው ዓመታት አስማ የምትባል ተማሪ የሌለችበት ክፍል እምብዛም አላጋጠመንም። ሁለት ሲሆኑ በአባታቸው ስም እየለየን እንጠራቸው ነበር። አንድ ቀን ከእነሱ አንዷ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ስሜ ‹ስሞች› ማለት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። መድረሳ የምትቀራ ልጅ ስለነበረች «አል-አስማኡል ሑስና» የሚለውን ከራሷ ስም ጋር አገናኝታው ነው።

ጥያቄዋ የዐረብኛ ሊቃውንትንም ያነጋገረ ነው። ከፊሎቹ «ኢስም» (ስም) ለሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው ይላሉ። ሲበወይህን የመሳሰሉት ቀደምት የነሕው ሊቃውንት ግን «ወሳማ» ከሚለውና ውበትን ከሚገልጸው ቃል የመጣ፣ መነሻው «ዋው» ወደ ሀምዛ የተለወጠበት የሴት ስም ነው ብለዋል። ልጅቷ ሁለተኛውን ስትሰማ ፈገግ አለች። ቀጥላ «ታዲያ በማን ስም ነው የተሰየምኩት?» አለችን። «በአቡበክር ልጅ ነዋ» ብለን ወደ ትምህርታችን ተመለስን።

መልሱ ስህተት አልነበረም፤ ግን አጭር ነበር። አስማ የሚለውን ስም የያዙ፣ ኑሯቸውም ሥራቸውም የተለያየ በርካታ ሴቶች በታሪካችን አሉ። ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንዳንድ ቤቶች የሰሃቢያት ስም የሚጠራው ልጅቷ «ይብቃሽ፣ ቤት ተቀመጪ» ስትባል ብቻ ነው። ሰሃቢያቱ ራሳቸው ቀናቸውን በምን ያሳልፉ እንደነበር ግን አይነገራትም።

ለእኛ ለሐበሾች ቅርብ ከሆነችው እንጀምር፤ እሷም አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ናት። ከባለቤቷ ከጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደደች፤ ዐብዱላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን የወለደችው እዚሁ ነው። ወደ መዲና የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628)፣ በኸይበር ዘመቻ ወቅት ነበር። ይህም ማለት ከአሥር ዓመት በላይ በስደት ኖራለች ማለት ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ከተመለሰች በኋላ ሐፍሷን (ረ.ዐ) ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ ዑመር (ረ.ዐ) ገባ። ማን እንደሆነች ሲነገረው ሐበሻዊቷ፣ ባሕር ተሻጋሪዋ ናት ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎን አለች። በሂጅራ እኛ ቀደምናችሁ፣ ለመልእክተኛውም ከእናንተ ይልቅ እኛ የቀረብን ነን አላት። አስማ ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ነበራችሁ፣ የተራበውን ያበሉላችሁ፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅ ባዕድ አገር በስጋትና በችግር ላይ ነበርን፣ ያም ለአላህና ለመልእክተኛው ስንል ነው ብላ መለሰችለት። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳትነግርም ምግብ እንደማትቀምስ፣ ውሃ እንደማትጠጣ ማለች፤ ስትነግርም እንደማትዋሽና እንደማትጨምር። ነገሯን የሰሙት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ዑመርና ጓዶቹ አንድ ሂጅራ እንዳላቸው፣ የመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ፈረዱላት። ከዚያ በኋላ የመርከቡ ሰዎች ይህን ሀዲስ ከአንደበቷ ለመስማት በቡድን በቡድን እየመጡ ይጠይቋት ነበር።

እኛ ሐበሾች ስለ ነጃሺ ፍትሕ ስናወራ ደረታችን ይነፋል፤ ይገባልም። ነገር ግን አስማ ስለ ስደቱ የተናገረችው እንግድነቱንና ፍርሃቱን ነው። ፍትሐዊ ንጉሥ ባለበት አገር እንኳን ስደት ስደት ነው። ይህን ዛሬ በዐረብ አገራት የሚኖሩ እህቶቻችን ሳንነግራቸው ያውቁታል።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈር በሙዕታ ሸሂድ ሆነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርዶውን ይዘው ቤቷ ሲደርሱ አስማ ቆዳዋን አልፍታ፣ ሊጧን አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባ ነበር። ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፤ ዓይናቸውም አነባ። ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው ያዘዙት በዚህ ጊዜ ነው፤ ሐዘን ለደረሰበት ቤት ጎረቤት ምግብ የሚያደርስበት ሱና መሠረቱ ይህ ነው። ኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) አገባት። በ10ኛው ዓመት ለመሰናበቻው ሐጅ ሲጓዙ ዙልሑለይፋ ላይ ሙሐመድን ወለደች። ምን ላድርግ ብላ ላከች፤ ገላዋን ታጥባ፣ ደሙን በጨርቅ አስራ ኢሕራም እንድታደርግ ተነገራት። ወሊድ ላይ ያለች ሴት ኢሕራም ማድረግ እንደምትችል ፉቀሃዎች ማስረጃ የሚያደርጉት ይህን የእሷን ጥያቄ ነው።

ከሐበሻ ይዛው የሄደችውም ነገር አለ። የታሪክ መጻሕፍት እንደሚያወሱት ፋጢማ (ረ.ዐ) የሴት ጀናዛ ላይ ልብስ ጣል ሲደረግ የሰውነት ቅርጽ መታየቱን ጠላች። አስማም በሐበሻ ያየሁትን ላሳይሽ ብላ እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ አስመጣች፤ ጎብጦ በቃሬዛው ላይ እንዲቆም አድርጋ በላዩ ልብስ ዘረጋችበት። ፋጢማም ወደደችው፤ እሷ ስታርፍም እንዲሁ ተደረገላት።

አሁን ወደ ዝነኛዋ እንምጣ። የአስማ ቢንት አቢ በክርን (ረ.ዐ) የመቀነት ታሪክ የማያውቅ የለም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና አባቷ ለሂጅራ ሲነሱ ስንቁን የምታስርበት ብታጣ መቀነቷን ለሁለት ቀደደች፣ «ባለ ሁለት መቀነቷ» ተባለች። እኛን ይበልጥ የሚገርመን ከዚያ በኋላ በመዲና የነበራት የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ራሷ የተረከችው በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ዙበይር (ረ.ዐ) ሲያገባት ከፈረሱና ውሃ ከሚቀዳበት ግመል በቀር ንብረት አልነበረውም። ፈረሱን የምታበላው እሷ፣ ውሃ የምትቀዳው እሷ፣ የውሃውን አቁማዳ የምትጠግነው እሷ ነበረች። ሊጥ ታቦካለች፤ ዳቦ መጋገር ግን አልሆነላትም፤ የአንሷር ጎረቤቶቿ ይጋግሩላት ነበር። (የአቡበክር ልጅ መጋገር እንደማትችል በራሷ አንደበት መናገሯ ስንቱን ሙሽራ ባጽናና!) ለመኖ የሚሆነውን የተምር ዘር ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ፈርሰኽ ከሚርቀው መሬታቸው በራሷ ተሸክማ ታመጣለች፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን በዚያ መንገድ ላይ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከሰዎች ጋር አገኘቻቸው። ከኋላቸው ሊያፈናጥጧት ግመላቸውን አንበረከኩ። እሷ ግን ከወንዶች ጋር መሄዱን አፈረች፤ የዙበይርንም ቅናት አሰበች። ማፈሯን አውቀው አለፉ። ቤት ገብታ ስትነግረው ዙበይር ከእሳቸው ጋር ከመጫንሽ ይልቅ ያንን ሸክም መሸከምሽ ይከብደኛል አላት። ኋላ አባቷ ፈረሱን የሚጠብቅ አገልጋይ ሲልኩላት ነፃ የወጣች ያህል ተሰማት። ይህን ሀዲስ የሚያነሳ ብዙ ሰው «አፈረች» የሚለው ላይ ይቆማል። ሸክሙ፣ መንገዱና ባልየው የተሰማው ነገርም እዚያው ሀዲስ ውስጥ ናቸው።

በሙስሊም ዘገባ ውስጥ ደግሞ ብልሃቷን እናያለን። አንድ ድሃ መጥቶ በቤቷ ጥላ ሥር እንዲነግድ ጠየቃት። ፈቅዳለት ዙበይር እምቢ እንዳይል ፈራች፤ ስለዚህ እሱ ባለበት መጥተህ ጠይቀኝ አለችው። ሰውዬው ሲመጣ፣ ከመዲና ሁሉ የእኔ ቤት ብቻ ነው ወይ የታየህ ብላ ተቆጣች። ዙበይርም ድሃ እንዳይነግድ ለምን ትከለክያለሽ ብሎ ወቀሳት። ሰውዬው እዚያው እየሸጠ ገንዘብ ያዘ።

ሙሽሪክ የነበረች እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ከመቀበሏ በፊት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የጠየቀችውም ይህችው አስማ ናት፤ ዝምድናዋን እንድትቀጥል ታዘዘች። እንደኛ አገር ሙስሊሙና ሌላው ተዛምዶ በሚኖርበት ቦታ ስንት ቤት የቆመው በዚህ መልስ ነው።

ሦስተኛዋ አንሷሪቷ አስማ ቢንት የዚድ (ረ.ዐ) ናት፤ መተዳደሪያዋ ጥያቄ ነው ብንል አናጋንንም። የሴቶች መልእክተኛ ሆና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት የተናገረችው ንግግር በሰፊው ይነገራል፤ ሰነዱን ደካማ ያሉ ሙሐዲሶች ስላሉ ብዙ አንደገፍበትም። የተሻለው ሙስሊም የዘገበው ነው። አስማ የተባለች ሴት ከሐይድ በኋላ ስላለው ትጥበት በዝርዝር ጠየቀች፤ ዓኢሻም (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶች ሐያእ ዲናቸውን ከመማር እንዳላገዳቸው አወደሰች። በአንዱ ዘገባ ቢንት ሸከል ተብላለች፤ አንዳንድ ሊቃውንት ግን ቢንት የዚድ ናት ይላሉ። አቡ ዳውድ ደግሞ የተፈታች ሴት የዒዳ ድንጋጌ የወረደው የየዚድ ልጅ በተፈታች ጊዜ እንደሆነ ዘግበዋል። በየርሙክ ዘመቻ በድንኳን ምሰሶ ዘጠኝ የሮም ወታደሮችን መግደሏም ተወስቷል።

ስሙ ከዐረቢያ ወጥቶ ምዕራብ አፍሪካ ደርሷል። በ1793 ለሸይኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ መንታ ተወለዱ። በሐውሳ ልማድ መንታዎች ሐሰንና ሑሰይና ይባላሉ፤ ወንዱ ሐሰን ተባለ፣ ሴቷን ግን አባቷ አስማኡ አሏት፤ ባለ ሁለት መቀነቷን አስበው ነው ይባላል። ናና አስማኡ በሶኮቶ፣ በዛሬዋ ሰሜን ናይጄሪያ፣ በዐረብኛ፣ በፉልፉልዴና በሐውሳ የምትጽፍ ዓሊም ሆነች። ባለቤቷ የሶኮቶ ወዚር ስለነበር ቤቷ እንግዳ አያጣም። ልጆች አሳድጋለች። ግን የገጠር ሴት ወደ እሷ መምጣት እንደማትችል አየች።

መፍትሔዋም ቀላል ነበር። «ጃጂ» የሚባሉ የሴቶች መሪዎችን ሾመች፤ ምልክታቸው ከሣር የተሠራ ሰፊ ቆብ ነው። ጃጂዎቹ በየመንደሩ ሴቶችን አሰባስበው ወደ አስማኡ ይመጣሉ፤ ትምህርቱን ተቀብለው ይመለሳሉ። ትምህርቱ በግጥም ነው፤ ሶላቱ፣ ሲራው፣ ሥነ ምግባሩ በሐውሳ ስንኝ ተቋጥሮ ይሸመደዳል። ፊደል የማታውቅ ሴት በቃሏ ይዛው ትሄዳለች። በወሎ መንዙማ ያደገ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሠራ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ናና አስማኡ በ1864 አረፈች። «ያን ታሩ» የተባለው የሴቶቹ ማኅበር ግን አልፈረሰም፤ የቀጣዮቹ ትውልድ ሴቶችም በዚያው መንገድ እየተሰበሰቡ መማራቸውን ቀጠሉ።