ካፒቴኑ ሲተኛ መርከቧን ማን ይጠብቃታል?

ስለ ጦር መርከብ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መድፉ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምነግራችሁ እዚያ ላይ ስለሚሠራ ጀማሪ መኮንን ነው። ጀማሪ መኮንን ማለት ትምህርቱን ጨርሶ በቅርቡ የተሾመ፣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜው በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። ሴቶችም አሉ።

ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ድሮ ባሕር ኃይል ነበራት፤ ዋና ጣቢያው ምጽዋ ነበር። «ኢትዮጵያ» የምትባል የጦር መርከብም ነበረች። የባሕር በር ካጣን በኋላ ባሕር ኃይሉ ፈረሰ፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንደገና ማቋቋም ተጀምሯል።

መርከብ ሌሊትም ትጓዛለች፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው እኩል አይተኛም። ሥራው በተራ ነው። በብዙ አገሮች አንዱ ተራ 4 ሰዓት ነው፤ ለምሳሌ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት። ሲነጋስ ይተኛል? የለም! የቀን ሥራም ይጠብቀዋል። የሚመራቸው መርከበኞች አሉ፤ የመሣሪያ ጥገና አለ፤ የእሳት ማጥፋት ልምምድ አለ። ባሕር መሀል እሳት ቢነሳ የሚጠራ የእሳት አደጋ መኪና የለማ! ስለዚህ እንቅልፍ ሁልጊዜ ይጎድላል።

ተረኛው መኮንን የሚቆመው መርከቧ በምትመራበት ከፍ ያለ ክፍል ውስጥ ነው። ዓይኑ ጨለማውን እንዲለምድ ሌሊት ነጭ መብራት አይበራም። ታዲያ ሌላ መርከብ ወዴት እንደምትሄድ በምን ያውቃል? በመብራቷ ነው። መርከብ በቀኝ ጎኗ አረንጓዴ፣ በግራ ጎኗ ቀይ መብራት ታበራለች። ሁለት መርከቦች ፊት ለፊት ከመጡ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። መንገዳቸው የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ ሌላዋን በቀኟ በኩል የምታየው መርከብ መንገድ ትለቃለች። ያን ጊዜ የሚታያት የሌላዋ ቀይ መብራት ነው፤ ልክ እንደ ትራፊክ መብራት!

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ካፒቴኑን መቀስቀስ ነው። ካፒቴኑም ሰው ነው፣ ይተኛል። ነገር ግን ሌላ መርከብ በጣም ከቀረበች እንዲቀሰቅሱት አስቀድሞ ትእዛዝ ይሰጣል። ደክሞት የተኛ አለቃን መቀስቀስ ደግሞ ለጀማሪ ያስፈራል።

አለመቀስቀስ ምን እንደሚያመጣ በሰኔ 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ታይቷል። ፊትዝጄራልድ የምትባል የአሜሪካ ጦር መርከብ ጃፓን አጠገብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ከኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨች። ጫኟ የመጣችው በቀኝ በኩል ስለነበር መንገድ መልቀቅ የነበረባት ፊትዝጄራልድ ነበረች። ካፒቴኑ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ተረኛዋ መኮንን አልጠራችውም። ውሃው መርከበኞች የተኙበትን ክፍል ሞላው፤ 7 ሰዎች ሞቱ። የባሕር ኃይሉ ምርመራ ሌሎች ብዙ ጥፋቶችንም አግኝቷል፤ የሠራተኞቹ ድካም አንዱ ነበር።

እንግዲህ አያችሁ፣ ጀማሪ መኮንን ሁሉን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ያልገባውን ነገር ጊዜው ሳያልፍ ለሚያውቅ ሰው መንገር ነው። ካፒቴን በከንቱ ቢቀሰቀስ የሚጎዳው እንቅልፉ ብቻ ነው። ሳይቀሰቀስ ቢቀር ግን ታች የተኙት ሁሉ ይጎዳሉ።