ኅዳር ሲታጠን ጢሱ እስከ የት ይወጣል?

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ከእንጦጦ ማርያም ግድም ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት፣ አዲስ አበባ ግራጫ ጢስ ለብሳ ትታያለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከመታ ወዲህ በዚህ ዕለት ቆሻሻን ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቆይቷል። በሽታን ለማባረር የተጀመረ ልማድ ሳንባ የሚጎዳ ብናኝ ማምረቱ ያሳዝናል። እዚህ ላይ ግን የምናነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጢሱ እስከ የት ይወጣል?

ልብ ብለን ካየነው የጢሱ የላይኛው ገጽ እንደ ምጣድ አክንባሎ የገጠመ ይመስላል። በኅዳር ሌሊት ሰማዩ ስለሚጠራ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሕዋ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል፤ የሚነካውም አየር አብሮ ይቀዘቅዛል። ከበላዩ ያለው አየር ሞቃትና ቀላል ስለሆነ፣ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ሊወጣ አይችልም። የዚህ ክዳን ከፍታ በግማሽ ቢያንስ፣ ያው ጢስ በግማሽ ስፍራ ይታመቃልና የብናኙ እፍጋት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የተቃጠለውን መጠን ማወቅ ብቻውን አይበቃም።

በየከተማው የሚተከሉት ትናንሽ የሌዘር መሣሪያዎች አየር ወደ ጠባብ ሣጥን እየሳቡ፣ በጨረሩ ፊት የሚያልፉት ብናኞች የሚበትኑትን ብርሃን ይለካሉ። ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በእንጦጦ ጉም ውስጥ ቢቀመጡ የውኃውን ጠብታ ጢስ ነው ይሉናል። ደግሞም የሚነግሩን ስለ ተተከሉበት ስፍራ ብቻ ነው።

ከፍታውን የሚነግረን ላይዳር ነው። ፊዮኮና ስመሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በሩቢ ሌዘር ከላይኛው ከባቢ አየር የተመለሰ ብርሃን መመዝገባቸውን ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። አሠራሩ ከገደል ማሚቶ ጋር ይመሳሰላል። የሌዘር ብልጭታ ወደ ላይ ይላካል፤ ከብናኞች ተበትኖ የሚመለሰውን ጥቂት ብርሃን ቴሌስኮፕ ይሰበስበዋል። ብርሃኑ ከ4 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ ቢመለስ 1200 ሜትር ያህል ተጉዟል፤ ደርሶ መልስ ነውና ብናኙ ያለው 600 ሜትር ላይ ነው። ባለ ሁለት ቀለም ሌዘር ከሆነ ጉሙንም ይለይልናል፤ ደቃቁ የጢስ ብናኝ አረንጓዴውን ብርሃን ከታሕተ ቀዩ አብልጦ ሲበትን፣ ትልቁ የጉም ጠብታ ግን ሁለቱን በእኩል ይበትናል።

3200 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ለኮከብ ተመልካቹ በመካከል ያለው አየር መሰናክል ነው፤ ለእኛ ግን ጥናቱ ራሱ እርሱ ነው። ከተማዋ ከዚያ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ስለምትገኝ፣ ክዳኑን ከላይም ከታችም ለመለካት የሚያስችል እንዲህ ያለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ክዳኑ ቀስ በቀስ ይነሣል። እኩለ ቀን ላይ የሚነድ እሳት፣ በማለዳ ከሚነደው ይልቅ ጢሱ ርቆ ይበተናል። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ግን ክዳኑ ሳይነሣ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።