ቀለም ያጽናናቸው ሰው

ሥዕልን መውደድ በሠዓሊነት ለሚኖሩ ብቻ የተሰጠ ጸጋ አይደለም። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሙያው ሕክምና ሲኾን የእመቤታችንን ሥዕል እንደ ሣለ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነገራል። ከዚያም ወዲህ በሌላ ሥራ እየኖሩ ለልባቸው ዕረፍት ሲሉ ብሩሽ ያነሡ ብዙዎች ናቸው። ከነዚህ አንዱን፥ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ሰር ዊንስተን ቸርችልን ለአንባብያን እናቀርባለን። ዘመኑን የምንጽፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቸርችል በ1915 ዓ.ም. የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሳሉ የዳርዳኔል ዘመቻ ስለ ተሰናከለ ከሹመታቸው ወረዱ። ዕድሜያቸውም 40 ዓመት ነበር። ሥራ የለመደ ሰው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ሐሳብ እንደ ብል ይበላዋልና፥ እሳቸውም በገጠር በተከራዩት ቤት ሳሉ ጭንቀት ያዛቸው። በዚያም የወንድማቸው ሚስት ስትሥል አይተው በመጀመሪያ የልጆችን የውሃ ቀለም ሞከሩ፤ ቀጥሎም የዘይት ቀለም ገዙ።

ነገር ግን በነጩ ሸራ ፊት በቆሙ ጊዜ ፈሩ፤ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ብቻ አኑረው እጃቸውን ሰበሰቡ። በዚህ መካከል የዕውቁ ሠዓሊ የጆን ላቬሪ ባለቤት ደረሱ፤ እኒያ ወይዘሮ ትልቁን ብሩሽ ተቀብለው በሸራው ላይ ቀለሙን ያለ ርኅራኄ ለቀለቁበት። ቸርችል ይህን ባዩ ጊዜ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው።

የዘይት ቀለም ጠባዩ ትዕግሥተኛ ነው። የተፈጨው ቀለም ብዙ ጊዜ በተልባ ዘይት ይለወሳል፤ የሚደርቀውም እንደ ውሃ በመትነን ሳይኾን ከአየር ኦክሲጅን እየሳበ በዝግታ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ሰው ሳይደርቅ በቢላዋ ፍቆ እንደ ገና ሊጀምር ይችላል። ለወደቀ ሰው ይህ እንደምን ያለ መምህር ነው! ንስሐን ለምናውቅ ለኛም ምሳሌው ሩቅ አይደለም።

በ1921 ዓ.ም. ቸርችል እናታቸውን፥ ከጥቂት ወራት በኋላም ሦስት ዓመት ያልሞላትን ልጃቸውን ቀበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለ ሥዕል ደስታ የጻፉት ድርሰት በመጽሔት መውጣት ጀመረ። ቀለም የሞተውን አያስነሣም፤ ነገር ግን ያዘነውን ሰው ዐይን ከመቃብሩ አንሥቶ እግዚአብሔር ወደ ፈጠረው ብርሃን ይመልሰዋል።

በ1947 ዓ.ም. ማንነታቸውን ሸሽገው፥ ዴቪድ ዊንተር በሚል ስም ወደ ለንደን ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የላኳቸው ሥዕሎች ተቀባይነትን አገኙ። በ1965 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ሲሞቱ ከ500 በላይ ሥዕሎች ትተው ነበር።

እኛ መምህራን በደብተሩ ጠርዝ ላይ ሥዕል የሣለውን ተማሪ ስንት ጊዜ ተቈጥተናል! ወላጆች ሆይ፥ በዚህ እኛን አትምሰሉ። ልጁ ሠዓሊ ባይኾንም፥ ኀዘን በሚመጣበት ቀን እጁ የሚያውቀው ንጹሕ ሥራ ያስፈልገዋል። በዕድሜ የገፋውም ጊዜው አለፈብኝ ብሎ ተስፋ አይቍረጥ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀምና።