የሙያ ገጽዎ ለሙያዎ ይሠራል ወይስ ጊዜዎን ይሻማል?

ለመሆኑ ውድ አንባቢ፣ ከሥራ ውለው፣ ልጆች አብልተውና አስተኝተው፣ ለነገ የሚለበሰውን አዘጋጅተው ሲያበቁ ለራስዎ የሚተርፍዎት ጊዜ ስንት ደቂቃ ነው? በከተማችን ኑሮ ግማሽ ሰዓት የተረፋት እናት ዕድለኛ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚችው ግማሽ ሰዓት ላይ ቆርሳ፣ ለሙያዋ ስትል ሊንክድኢን የተባለውን የባለሙያዎች መገናኛ በእጅ ስልኳ የምትከፍት አንዲት የሂሣብ ሠራተኛ እናስብ። የምትከፍተው ወሬ ፍለጋ አይደለም። በሙያዋ የወጣ ክፍት የሥራ ቦታ እንዳለ፣ አዲስ የግብር መመሪያ ወጥቶም እንደሆነ ለማወቅ ነው። ይሁን እንጂ ገጹ ሲከፈት የሚጠብቃት ሌላ ነው። አንድ የማታውቀው ሰው ከሥራ የተሰናበተበትን ቀን በዝርዝር ያወጋል። ሌላው «ትስማማላችሁ? ላይክ አድርጉ» ይላል። ከሱ ቀጥሎ ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያው ቀጥሎ ክርክር ይመጣል። ሃያ ደቂቃ እንደዚህ ካለፈ በኋላ የፈለገችውን ሳታገኝ ስልኳን ትዘጋለች።

ሃያ ደቂቃ ምን አላት የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በቀን ሃያ ደቂቃ በዓመት ሲታሰብ ከ121 ሰዓት በላይ ነው። ይህም በቀን ስምንት ሰዓት ሥራ ሲመነዘር 15 የሥራ ቀን ይሆናል። በዚህ ላይ ለኢንተርኔት ፓኬጅ የሚወጣው ገንዘብ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን የቀረው የሥራ ማስታወቂያ ከዚያ ሁሉ ወሬ ሥር ተቀብሮ ሊያልፋት ይችላል። እንግዲህ ጉዳዩ የጨዋታ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የሚያዩት እንዴት ይመረጣል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ የነገሩን አመጣጥ እንመልከት። ሊንክድኢን በሪድ ሆፍማንና በባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ተመሥርቶ በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ወር ለሕዝብ ተከፈተ። በመጀመሪያ ሰዎች የትምህርትና የሥራ ታሪካቸውን የሚያሰፍሩበትና የሚተዋወቁበት መዝገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አባላቱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ መድረሳቸውን አስታወቀ። ገጹ ሲከፈት ከላይ ወደ ታች የሚወርደው የጽሑፍና የሥዕል ሰልፍ ፊድ ይባላል። የዛሬው ርዕሳችንም ይኸው ፊድ ነው።

አያሌ ሰዎች ፊዱ ላይ የሚታየው ነገር ጊዜውን ጠብቆ፣ የመጨረሻው ከላይ ሆኖ የሚደረደር ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። የሚመርጠውና የሚደረድረው አልጎሪዝም የሚባለው የኮምፒዩተር የስሌት ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በመጀመሪያ እርስዎ ከሚያውቋቸውና ከሚከተሏቸው ሰዎች፣ እነዚሁ ሰዎች ላይክ ካደረጉትና አስተያየት ከሰጡበት ጽሑፍ ብዙውን ይሰበስባል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡን የሚሰጠውም «ይህችን ሴት ይህን ባሳያት ላይክ ታደርግ ይሆን? አስተያየት ትጽፍ ይሆን? ቆማ ታነብ ይሆን?» በሚል ግምት ነው። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ከላይ ይቀመጣል።

ግምቱ የሚገኘው ከየት ነው? ከራስዎ ነው። ያሰፈሩት የሙያ ታሪክ፣ የሚከተሏቸው ሰዎች፣ የተጫኑት ላይክ ሁሉ ይመዘገባል። ከዚህም ሌላ የድርጅቱ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2020 እንደገለጹት፣ አንድ ሰው በአንድ ጽሑፍ ላይ ቆሞ የቆየበት ጊዜም ይቆጠራል። ምክንያቱም ብዙ ሰው ላይክ ሳያደርግ ዝም ብሎ ያነባል፤ ሌላው ደግሞ ከፍቶ ወዲያው ይወጣል። ጣት ሳይነካ ዓይን ያረፈበት ጊዜ እንኳ እንደ መልስ ይወሰዳል ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከገበያ ሲመለሱ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ቢያዩ፣ ዘንቢልዎን እንደያዙ ጥቂት ቆም ብለው ማየትዎ አይቀርም። ታዲያ አንድ ሰው ይህን አይቶ «እኚህ ሴት ጠብ ይወዳሉ» ብሎ በማግስቱ አምስት ጠበኞች ደጃፍዎ ድረስ ቢያመጣልዎ ምን ይላሉ? አልጎሪዝሙ የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይለይም። ቆመው ማየትዎን ይቆጥራል እንጂ ለምን እንደቆሙ አይጠይቅም። ያስደነቀዎትንና የጠቀመዎትን ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል።

ምሳሌ እንውሰድ። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 በወጣ ጊዜ፣ ከቀድሞው በምን እንደሚለይ አንድ ባለሙያ በጥንቃቄ ቢጽፍ፣ የሚያነቡት በዚያ ሙያ ያሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከሥራ ስለተባረረ ሰው የተጻፈ አሳዛኝ ታሪክ ግን የሁሉንም ሰው ልብ ይነካል። ስለዚህ ላይክ ይበዛለታል፤ ላይክ የበዛለትም ይበልጥ ይሠራጫል። ለሂሣብ ሠራተኛዋ ግን የመጀመሪያው እንጂ ሁለተኛው አይጠቅማትም። ለብዙ ሰው ማራኪ የሆነ ነገር ሁሉ ለአንዲት ባለሙያ አስፈላጊ ነው ማለት አይደለም።

ድርጅቱ ምን አደረገ?

ድርጅቱ ይህን ቅሬታ አልሰማም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ላይክና አስተያየት የሚለምኑ ጽሑፎችን፣ እንዲሁም ከማይታወቁ ሰዎች የሚመጡ የሕዝብ አስተያየት መጠየቂያዎችን ስርጭት እንደሚቀንስ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ኃላፊዎቹ ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ የግል ሕይወት ወሬ ገጹን እንዳጣበበው አምነው፣ ዕውቀትና ምክር ለሚሰጡ ጽሑፎችና አንባቢው ራሱ ለሚከተላቸው ሰዎች ጽሑፍ ቅድሚያ እንዲሰጥ ማድረጋቸውን ገለጹ።

ይህ ደግ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሁሉን ነገር ከድርጅቱ መጠበቅ አይበቃም። ከድርጅቱ ገቢ አንዱ ክፍል የሚገኘው ከማስታወቂያ ነው። ለማስታወቂያ ደግሞ የአንባቢው ዓይን ረዘም ላለ ጊዜ በገጹ ላይ ቢቆይ ይጠቅማል። የእርስዎ ጥቅም ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ የፈለጉትን አግኝተው መውጣት ነው። ሁለቱ ጥቅሞች ሁልጊዜ አይገጥሙምና የራስን ድርሻ መወጣት ያስፈልጋል።

ከወሊድ ዕረፍት ሲመለሱ

በተለይ ይህ ጉዳይ እናቶችን የሚነካበት አንድ ጊዜ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በጠቅላላው 120 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይፈቅዳል። በእነዚህ ወራት ሕፃን ታቅፋ ሌሊት የነቃች እናት ስልኳን የምትከፍተው እንቅልፏን ለማሳለፍ ያህል ነው። ቀለል ያለውን ታያለች፤ ከበድ ያለውን ትዘላለች። ይህም ሊወቀስ አይገባም። ይሁን እንጂ አልጎሪዝሙ ይህን ሁሉ «የፍላጎት ለውጥ» አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ወደ ሥራ ስትመለስ በሙያዋ የተባለውን ለማወቅ በጣም በምትፈልግበት ሰዓት፣ ፊዷ ሙያዋን ረስቶት ይጠብቃታል።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ልጅ ለማሳደግ ወይም የታመመ ቤተሰብ ለማስታመም ከሥራ የተለዩበትን ጊዜ በሙያ ታሪክ ውስጥ በግልጽ ማስፈሪያ ቦታ አዘጋጅቷል። ረዘም ላለ ጊዜ ከሥራ ርቀው የነበሩ እናቶች ያንን ዓመት ባዶ መተው አይኖርባቸውም። ያሰፈሩት ታሪክ ለቀጣሪ ብቻ ሳይሆን ለአልጎሪዝሙም መረጃ ስለሆነ፣ ሥራ በሚጀምሩበት ሳምንት ይህንኑ ማደስ ጠቃሚ ነው።

ምን ይደረግ?

ቀጥሎ የተዘረዘሩት ሁሉ ያለ ምንም ክፍያ በአንድ ምሽት ሊከናወኑ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ የማይጠቅምዎትን ነገር ዝም ብለው አይለፉት። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ራስጌ በቀኝ በኩል ሦስት ነጥቦች አሉ። እነሱን ሲጫኑ «አልፈልገውም» የሚል ትርጉም ያለው ምርጫ ይመጣል። ያን ይጫኑ። ተናዶ መልስ መጻፍ ግን ለአልጎሪዝሙ እንደ ውዴታ ነው፤ ተመሳሳዩን ያመጣልዎታል።

ሁለተኛ፣ ይሉኝታን ይተዉ። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዎ ወይም የሩቅ ዘመድዎ በየቀኑ የማይጠቅም ነገር ቢያወጣ፣ ትውውቁን ሳያቋርጡ መከተልዎን ብቻ ማቆም ይቻላል። ይህም አንፎሎው ይባላል። ሰውየው ማስታወቂያ አይደርሰውም፤ ወዳጅነቱም አይነካም።

ሦስተኛ፣ በምትኩ የሚጠቅሙትን ይከተሉ። በሙያዎ የሚጽፉ ጥቂት ባለሙያዎችን፣ ሊቀጠሩባቸው የሚመኙዋቸውን ድርጅቶች፣ የሙያ ማኅበርዎን ፈልገው ይምረጡ። ጽሑፋቸው ሲጠቅምዎት ላይክ ያድርጉ፤ ጥያቄ ካለዎትም ይጠይቁ። ዝም ብሎ ከማንበብ ይልቅ አንድ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ፊዱን ይበልጥ ያስተካክላል።

አራተኛ፣ በቅንብሩ ውስጥ ፊዱ «በተስማሚነት» ሳይሆን «በቅርብ ጊዜ» ቅደም ተከተል እንዲደረደር የሚያደርግ ምርጫ አለ። ቪዲዮዎች በራሳቸው እንዳይከፈቱ ማድረግም እዚያው ይቻላል። ይህ ሁለተኛው የኢንተርኔት ፓኬጅዎን ይቆጥብልዎታል።

አምስተኛና ዋናው፣ ሥራ የሚፈልጉ ከሆነ የሥራ ማስታወቂያን ከፊድ አይጠብቁ። ለሥራ ፍለጋ የተለየ ክፍል አለው። እዚያ ገብተው የሙያዎን ስምና ከተማዎን ጽፈው የማስታወቂያ ደወል ቢከፍቱ፣ አዲስ ቦታ ሲወጣ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ይነገርዎታል። በዚህ ዓይነት የመጨረሻው ቀን ሳያልፍ ይደርሱበታል። ፊዱ ለትምህርትና ለትውውቅ፣ የሥራ ክፍሉ ለሥራ ፍለጋ ይሁን።

ጥንቃቄ

ፊዱ ወይም የግል መልእክት ሳጥንዎ ላይ የሚመጣ መልካም የሚመስል ሥራ ሁሉ እውነት አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በየሰው ገጽ ላይ «ስለዚህ ገጽ» የሚል መረጃ አለ። ገጹ መቼ እንደተከፈተ ይናገራል። ለሃያ ዓመት ሠራተኛ ስቀጥር ኖርኩ የሚል ሰው ገጹ የተከፈተው ባለፈው ወር ከሆነ ይጠርጥሩ። ለመቅጠር ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ፣ ወይም ከገጹ ወጥተው በቴሌግራም ብቻ እንነጋገር የሚል ካለ ይራቁ። የውጭ አገር ሥራ ከሆነም ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን ሳያረጋግጡ ፓስፖርትዎን አይስጡ።

በመጨረሻም ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ራስዎ የሚጽፉት ነገር የሌላዋ እህትዎ ፊድ መሆኑን አይዘንጉ። በሥራዎ ያጋጠመዎትን አንድ ችግርና የፈቱበትን መንገድ በቀላል አማርኛ በአምስት መሥመር ቢጽፉ፣ እሷም ሌሊት ልጇን አስተኝታ ስልኳን ስትከፍት የሚረባ ነገር ታገኛለች። «መልካም ሳምንት» የሚል ሥዕል ብቻ ከለጠፉ ግን የሷን ደቂቃ ወሰዱ ማለት ነው። ገበያው የሚያምረው ሁሉም ጥሩ ጥሩውን ይዞ ሲወጣ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስልክዎን ሲከፍቱ ምን ፈልገው እንደከፈቱ አስቀድመው ይወስኑ። አሥር ደቂቃ ይመድቡ። የፈለጉትን ካገኙ ይዝጉት። ቀሪው ሃያ ደቂቃ የእርስዎ ነው። ያርፉበት፣ ያንብቡበት፣ ወይም ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ይጫወቱበት።