ቀን የሚበር የእሳት እራት

የእሳት እራት ሲባል ሁላችንም የምናስበው ማታ በመብራት ዙሪያ ሲንከራተት አምሽቶ ጧት ወለል ላይ ወድቆ የሚገኘውን ግራጫ ፍጥረት ነው። በማዳጋስካር ደሴት የሚኖረው አንዱ ዘመዱ ግን ይህን ስም ሐሰት ያደርገዋል። የሚበርረው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ በጥቁር ክንፉ ላይ አረንጓዴ፥ ቀይ፥ ወርቅማና ሰማያዊ ያብለጨልጫል፤ ከኋላ ክንፉም ጭራዎች ተንጠልጥለዋል። እንግሊዛዊው ድሩ ድሩሪ በ1773 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣለት ከቢራቢሮ መቁጠሩ አያስደንቅም። (የደሴቲቱ ሰዎች ቢራቢሮን «ሎሎ» ይላሉ፤ ያው ቃል የሙታን መንፈስም ማለት ነው። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልሆነልንም።)

እኛን ከሁሉ ይበልጥ የገረመን ግን አባጨጓሬው ነው። ምግቡ ኦምፋሊያ የሚባለው ተክል ብቻ ነው። ይህም ተክል የእኛ ቁልቋልና ጉሎ ከሚመደቡበት ወገን ሲሆን መርዝ አለው። አባጨጓሬው መርዙን በልቶ አይሞትም፤ እንዲያውም በገላው ያከማቸዋል፤ ክንፍ ካወጣም በኋላ አብሮት ይኖራል። እንግዲህ ያ ሁሉ ጌጥ ለወፎች «ብትበሉኝ ትጎዳላችሁ» የሚል ማስታወቂያ መሆኑ ነው። ሌሎቹ በጨለማ ሲሸሸጉ እርሱ በቀን የሚንሸራሸረው በዚህ ተማምኖ ነው። አባጨጓሬው ከቅጠል ላይ ቢወድቅ እንኳ ከአፉ የሚያወጣው የሐር ክር አንጠልጥሎ ያስቀረዋል፤ በዚያው ክር ተመልሶ ይወጣል።

ተክሉም ቢሆን ዝም ብሎ አይበላም። በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖሩትን የዚሁ የእሳት እራት ዘመዶች ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚሉት፥ ኦምፋሊያ ደጋግሞ ሲበላ መርዙን ያበረታል፤ አባጨጓሬዎቹም አይችሉትም። በዚያ የሚታየው ታላቅ ስደት ምክንያቱ ይኸው እንደሆነ ይታመናል፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የእሳት እራቶች ያልተበላ ተክል ፍለጋ ይነጉዳሉ።

ስደተኛ ደግሞ መድረሻ ያስፈልገዋል። በጃማይካ ብቻ ይኖር የነበረው ሌላው ዘመድ ከታየ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለመጥፋቱ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ተክሉ ይበቅልበት የነበረው የቆላ ደን ለእርሻ መመንጠሩ ነው። የማዳጋስካሩም በምዕራቡ ደረቅ ደንና በምሥራቁ ዝናባም ደን መካከል ይመላለሳል፤ ሁለቱም ደኖች ደግሞ በምንጣሮና በእሳት እየሳሱ ነው። በደሴቲቱ ካሉት አራት የኦምፋሊያ ዓይነቶች ሦስቱ የሚበቅሉት በምዕራብ ነው። በምሥራቅ ያለው አንድ ብቻ ነው።