የሚያንኮራፋ ሰው ሁሉ ተኝቷልን?

ማንኮራፋት በእኛ ዘንድ የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ይሳቅበታል እንጂ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ነገር ግን ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ፣ ትንፋሹም ተቋርጦ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ መታነቅ ባለ ድምፅ የሚመለስ የሆነ እንደሆነ፣ ያ ሰው ዐርፏል ለማለት አይቻልም።

ሰው ሲተኛ የጕሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን የአየሩ መተላለፊያ እስከ መዘጋት ይደርሳል። ያን ጊዜ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ አንጎሉም ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል። ትንፋሹ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ እንደ አንድ ይቈጠራል፤ ይህም በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከደረሰ ሕመሙ ከባድ ነው ይባላል። ባለቤቱ ግን ሲነጋ አንዱንም አያስታውስም። የሚያውቀው ራሱን እንደሚያመውና ቀኑን ሙሉ እንደሚያንቀላፋ ብቻ ነው። የደም ግፊትም ብዙ ጊዜ አብሮት ይገኛል።

ስለዚህ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚያንቀላፋው ሠራተኛ ሰነፍ ተብሎ ከመወቀሱ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ቢጠየቅ መልካም ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ቈላ የጭነት መኪና የሚነዳው ሰው በመሪው ላይ ያንቀላፋ እንደሆነ ግን፣ ጉዳቱ ከራሱ አልፎ ለመንገደኛው ሁሉ ይተርፋል።

የእንቅልፍ ምርመራ ባለበት ሆስፒታል ሕመምተኛው አንድ ሌሊት ያድራል። የአንጎሉ ሞገድ፣ የዐይኑና የደረቱ እንቅስቃሴ፣ ትንፋሹ፣ እንዲሁም በጣቱ ላይ በሚደረግ መሣሪያ የደሙ ኦክሲጅን እስኪነጋ ድረስ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪም፣ በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ጕሮሮውን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ መሥራታቸውን ለዓለም አስታወቁ። ዛሬም ዋናው ሕክምና ይኸው ነው። ውፍረት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና ማታ መጠጥ መተውም ይረዳሉ።

እንዲህ ያለው መሣሪያ በየወረዳው ከተማ አይገኝም። ቢሆንም የወረባቦ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቢስቲማም ቢሆን የመጀመሪያው ምርመራ ያለ ዋጋ ሊደረግ ይችላል። መርማሪዋም በአጠገቡ የምትተኛው ሚስቱ፣ ወይም አብሮት የሚያድረው ወንድሙ ነው። ሰዓት ይዘው የትንፋሹን መቋረጥ ቢቈጥሩ፣ ድምፁንም በስልክ ቢቀዱለት፣ ሕመምተኛው ደሴ ሄዶ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ባዶ እጁን አይሆንም። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና፣ በቤት ውስጥ የሚያንኮራፋ ያለ ሰው ዛሬ ሌሊት ከመሣቅ ይልቅ ጆሮውን ይስጥ።