በየማይሉ በር ያለው ግንብ

የሀድሪያን ግንብ ሲባል ብዙ ሰው እንግሊዝንና ስኮትላንድን የሚለይ የድንበር አጥር ይመስለዋል። አይደለም። ግንቡ ከዳር እስከ ዳር የሚገኘው በእንግሊዝ መሬት ላይ ነው፤ ሲሠራም ሁለቱ አገሮች ገና አልነበሩም። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሀድሪያን እ.ኤ.አ. በ122 ብሪታንያን ጎበኘ፤ ሥራው የተጀመረውም በዚያው ጊዜ ገደማ ነው። ከምሥራቁ የታይን ወንዝ እስከ ምዕራቡ የሶልዌይ ወሽመጥ 117 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ድንጋዩን ጠርበው የካቡት የሦስት ሌጌዎን ወታደሮች ናቸው።

ሁሉንም በእግር ልጨርስ ያለ ሰው አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ግን መሐሉ ይበቃል፦ ከስቲል ሪግ መኪና ማቆሚያ ተነሥቶ፣ በገደሉ ጫፍ ጫፍ፣ እስከ ሃውስቴድስ ምሽግ። አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ግን አያታልላችሁ። መንገዱ ገና ሲጀመር የድንጋይ ደረጃ ያስወጣል፤ ከዚያ ይወርዳል፣ መልሶ ያስወጣል። የሕፃን ጋሪ አይታሰብም። ሮማውያን ይህን ቦታ የመረጡት ዊን ሲል የሚባለው ጥቁር ዐለት በሰሜን በኩል እንደ ተቆረጠ ሆኖ ስለሚወርድ ነው፤ ግማሹን ሥራ ተፈጥሮ ሠርታላቸዋለች።

በመንገዱ ላይ አንድ የታወቀ የሲካሞር ዛፍ በሁለት ኮረብታ መካከል ብቻውን ቆሞ ነበር። በመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ሰዎች በሌሊት በመጋዝ ቆረጡት፤ በ2025 እያንዳንዳቸው የአራት ዓመት ከሦስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ጉቶው ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ግንቡ ሲታቀድ በየአንድ የሮማ ማይል፣ ማለትም በየ1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደቡብም በሰሜንም በር ያለው ትንሽ የጥበቃ ሰፈር እንዲኖረው ነበር፤ በሁለት ሰፈሮች መካከል ደግሞ ሁለት ማማ። ሃውስቴድስ ከመድረሳችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ከእነዚህ አንዱን ታገኛላችሁ፤ ተመራማሪዎች 37ኛ ይሉታል። የሰሜኑ በር ቅስት ከፊሉ ዛሬም ቆሟል። ልጆቹን በሩ ላይ አቁማችሁ ወደ ውጭ እንዲያዩ አድርጉ፦ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጋሪ ቀርቶ በቅሎ እንኳ በደኅና አይወርድበትም። ታዲያ እዚህ በር ምን ይሠራል? መመሪያው በየማይሉ በር ይሁን ብሏል፤ በሩ ተሠራ። የመንግሥት ሥራ የትም አገር ያው ነው።

የግንቡ ዓላማ የታሪክ ሰዎችን ዛሬም ያከራክራል። እኔ ግን በሮቹን እያየ የሄደ ሰው ከጦር ምሽግ ይልቅ ኬላ ይታየዋል ባይ ነኝ። ሰውን ጨርሶ ማገድ የፈለገ ይህን ሁሉ በር አይከፍትም። የተፈለገው ማን እንደሚያልፍ፣ ምን እንደ ጫነ፣ ስንት ሆኖ እንደሚሄድ ማወቅና መቆጣጠር ነበር። ከሃውስቴድስ በስተምሥራቅ፣ ናግ በርን በምትባል ጅረት አጠገብ፣ ይህን የሚያሳይ በር አለ፤ ፊትና ኋላ ሁለት መዝጊያ ነበረው። መንገደኛው በአንደኛው ከገባ በኋላ በመካከል ሊያዝና ሊፈተሽ ይችላል፤ ካለፈ ሁለተኛው ይከፈትለታል። በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ለተንገላታ ቤተሰብ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሃውስቴድስ ምሽግ ውስጥ ልጆች የሚሮጡት ወደ መጸዳጃ ቤቱ ነው፤ አትከልክሏቸው። ጥልቁ የድንጋይ ቦይ ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል። በላዩ የነበረው የእንጨት መቀመጫ ጠፍቷል፤ ወታደሮቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠቀሙበት ነበር፤ መጋረጃ የለ፣ ይሉኝታ የለ። ከእግር ሥር ውኃ የሚሄድበት ትንሽ አሸንዳ ተጠርቧል፣ በአጠገቡም የውኃ ገንዳ አለ። ከፍ ብሎ ያለው የእህል ጎተራም ሊታለፍ አይገባም። ወለሉ በአጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ያረፈ ነበር፤ የእኛ አገር ገበሬ ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ እንደሚሠራው ሁሉ፣ እርጥበት እንዳያበላሸው ነው።

ጥበቃውን የያዙት ወታደሮች ከሮም ከተማ የመጡ አልነበሩም። ሃውስቴድስን የያዘው ጦር መነሻው የዛሬዋ ቤልጂግ አካባቢ ነው፤ ሌላ ምሽግ የሶርያ ቀስተኞች ነበሩበት፤ በምዕራቡ ጫፍ አቅራቢያ ደግሞ በሦስተኛው መቶ ዓመት የሰሜን አፍሪካ ሙሮች ሰፍረዋል። «ሂስቶሪያ ኦውጉስታ» የተባለው የላቲን መጽሐፍ እንደሚተርከው ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ግንቡን ጎብኝቶ ሲመለስ በቀልዱ የታወቀ አንድ «ኢትዮጵያዊ» ወታደር የሐዘን ምልክት የሆነ የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ጉንጉን ይዞ ቢገጥመው፣ መጥፎ ገድ ነው ብሎ ደነገጠ። ሴቬረስ በ211 በዮርክ ሞተ። መጽሐፉ ተረት ያበዛል፤ ሮማውያንም ጥቁር አፍሪካዊን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ስለነበር ሰውዬው የአገራችን ልጅ ነው ብሎ መማል አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁ፤ በዚህ መሐለኛ ክፍል የምታዩት ካብ ብዙው በሮማውያን እጅ የቆመ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መንግሥት ለጦር ሠራዊት መንገድ ሲሠራ የግንቡን ድንጋይ እያፈረሰ ተጠቅሞበታል። በ19ኛው መቶ ዓመት ጆን ክሌይተን የሚባል ባለጸጋ ጠበቃ መሬቱን እየገዛ፣ የወደቀውን ድንጋይ በሠራተኞቹ አስለቅሞ መልሶ አስካበው። እሱ ባይኖር ኖሮ የምናየው እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር።

ጉልበት ከተረፋችሁ በስተደቡብ ያለውን የቪንዶላንዳን ምሽግ ጨምሩ፤ አንዲት የአዛዥ ሚስት ጓደኛዋን ለልደቷ የጠራችበት፣ ከ1900 ዓመት በላይ የሆነው የእንጨት ላይ ደብዳቤ የተገኘው እዚያ ነው። ውኃ የማያስገባ ጫማና የንፋስ ልብስ ያዙ፤ ወደ መኪናው የሚመልሳችሁ አውቶቡስ በክረምታቸው ስለሚቀንስ ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ። ልጆቹ ግንቡ ላይ ወጥተው እንዳይሄዱ ተቆጣጠሯቸው፤ እግር የበዛበት ካብ ይፈታል፣ መንገዱም ከጎኑ አለላቸው።